ጎ አውት፣ ካም ኢን፣ ረን ኢንቱ፦ ስለ እንግሊዝኛ የእንቅስቃሴ ግሶችና «ጭራዎቻቸው» ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ማታ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ግማሹ አስጎብኚ ነው። የቀረው ሆቴል የሚሠራ፣ ባጃጅ የሚነዳ፣ አንዳንዱም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሌክቸሩ አልገባ ያለው ልጅ ነው። የግስ ጊዜ ብዙም አያስቸግራቸውም፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ጨርሰውታል። ራስ የሚያዞራቸው «አፕ»፣ «አውት»፣ «ኦፍ»፣ «ኢንቱ» የሚባሉት ጥቃቅን ቃላት ናቸው። ክፍል ውስጥ «ጭራ» ነው የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው እላቸዋለሁ። በየዙሩ ያው ጥያቄ ስለሚመጣ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው።

«ጎ» ማለት ሄደ ከሆነ፣ «ጎ አውት» እንዴት ወጣ ይሆናል?

አማርኛ አቅጣጫውን ግሱ ሆድ ውስጥ ነው የሚከተው። ወጣ፣ ገባ፣ ወረደ፣ ተሻገረ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። «ወጣ» ስትሉ ሰውየው መንቀሳቀሱንም ወዴት እንደተንቀሳቀሰም በአንድ ቃል ጨርሳችሁታል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ለሁለት ያካፍለዋል። ግሱ መንቀሳቀሱን ይናገራል፣ መንገዱን ጭራው ይናገራል። ስለዚህ ወጣ «ጎ አውት»፣ ገባ «ጎ ኢን»፣ ወረደ «ጎ ዳውን»፣ ተሻገረ «ጎ አክሮስ»፣ ተመለሰ «ጎ ባክ» ይሆናል። እኛ አምስት ግስ ያወጣንበትን እነሱ በአንድ ግስና በአምስት ጭራ ይወጡታል።

ይህን ልዩነት አፍታቶ ያሳየው ሊዮናርድ ታልሚ የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ነው። ቋንቋዎችን «መንገዱን የት ያስቀምጡታል?» እያለ ለየ። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ከግሱ ውጭ ያስቀምጡታል። እስፓኒሽና የእኛዎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች ግሱ ውስጥ። ዕቃው ያው ነው፣ የተለያየው መደርደሪያው ነው። እና «እኔ ጭንቅላቴ አይቀበልም» የምትሉ ተረጋጉ፣ የጭንቅላት ጉዳይ አይደለም።

ታዲያ «ሮጦ ወጣ» ምን ይባላል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ጀማሪ ተማሪ «ሂ ዌንት አውት ባይ ረኒንግ» ይላል። ይገባል፣ ግን እንዲያ የሚል ፈረንጅ አላጋጠመኝም። «ሂ ራን አውት» ነው፣ በቃ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ሮጦ፣ ራን። ወጣ፣ አውት። ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተነካም! የእኛ ቦዝ አንቀጽ የእነሱ ግስ ሆነ፣ የእኛ ማሰሪያ አንቀጽ የእነሱ ጭራ ሆነ። ይህችን የያዘ ተማሪ ዝርዝር መሸምደድ ያቆማል፣ ምክንያቱም በአማርኛ ያሰበውን ቃል በቃል እያነሳ ማስቀመጥ ይችላል።

ጥምቀት ዕለት የአፄ ፋሲል መዋኛ ዳር የቆመ ሰው ይህን ትምህርት በነጻ ያገኛል። ካህናቱ ውኃውን ባርከው ሳይጨርሱ ጎረምሳው ግንቡ ላይ ተሰልፏል። ከዚያ አንዱ ዘሎ ገባ፦ «ጃምፕት ኢን»። ዋኝቶ ተሻገረ፦ «ስዋም አክሮስ»። ተንጠላጥሎ ወጣ፦ «ክላይምድ አውት»። ከሱ ጋር አብሮ የመጣው ጓደኛው ደግሞ ውኃው ቀዝቃዛ መሆኑን በእግሩ ጣት ለክቶ ቀስ ብሎ ሾልኮ ሄደ፦ «ስሊፕት አዌይ»። የሁለት ልጆች አንድ ደቂቃ አራት የእንግሊዝኛ ግስ አስተማረ ማለት ነው። በዚያው መንገድ እያነከሰ ተመለሰ «ሊምፕት ባክ»፣ በርሮ ሄደ «ፍሉ አዌይ»፣ ተንከባሎ ወረደ «ሮልድ ዳውን» ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ። የመጀመሪያው ቃል የመሄድ ዓይነት መሆን አለበት። «እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ ሄደ» ላይ ይህ ብልሃት አይሠራም፣ መንቀጥቀጥ እግር የለውማ። እዚያ ላይ እንደ እኛው ሁለት ግስ ያስፈልጋል፦ «ሂ ዌንት ሆም ሺቨሪንግ»።

«ኤንተር»፣ «ኤግዚት»፣ «ዲሴንድ» እያሉ ለምን አልገላገልም?

ስህተት አይደለም። ግን እነዚህ ቃላት ለእንግሊዝኛ እንግዳ ነበሩ፣ ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ የገቡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1066 መሆኑ ነው። ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ። ገበሬው «ጎ ኢን»፣ «ጎ አውት» እያለ ቀጠለ። ዛሬም ያ ሽታ አልለቀቃቸውም፣ «ዲሴንድ» ካባ የለበሰ ቃል ነው።

አንድ አስጎብኚ ተማሪዬ ፋሲል ግቢ ደረጃ ላይ እንግዶቹን «ፕሊስ ዲሴንድ» ብሏቸው ሲስቁ ተናደደ። ምን አጠፋሁ አለኝ። ምንም አላጠፋህም፣ ቡና ላይ ከጓደኛህ ጋር ተቀምጠህ «አሁን ወደ መኖሪያ ቤቴ አመራለሁ» ብትል የሚስቁብህን ያህል ነው የሳቁት አልኩት።

ደግሞ እነዚህ ሆዳቸው ሙሉ ነው፣ መንገዱን እንደ እኛ ግሶች ውጠውታል። ጭራ አይፈልጉም። እኛ «ወደ ክፍል ገባ» ስለምንል «ኤንተርድ ቱ ዘ ሩም» እንላለን፣ «ኤንተርድ ዘ ሩም» ብቻ ነው። «ሪተርን ባክ»ም ያው በሽታ ነው፣ ተመልሶ ተመለሰ እንደማለት።

ጭራ የምትለው ነገር መስተዋድድ አይደለም እንዴ?

አንዳንዴ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። መልኩ አንድ ነው፣ ሥራው ይለያል። ይህ ነጥብ ትንሽ ስለሚያደናግር ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

«ሺ ራን አፕ ዘ ሂል» ማለት ዳገቱን ሮጣ ወጣች ነው። «ሺ ራን አፕ ኤ ቢል» ማለት ግን ስታዝ ስታዝ ሒሳብ አስቆለለች ነው። ላይ ላዩን አንድ ናቸው። በመጀመሪያው «አፕ» የተጣበቀው ከዳገቱ ጋር ነው፣ መስተዋድድ ነው። በሁለተኛው የተጣበቀው ከግሱ ጋር ነው፣ ጭራ ነው። መለያው ቀላል ነው። ስሙን አውጡና «ኢት» አስገቡ። ዳገቱን «ራን አፕ ኢት» ትላላችሁ፣ ሒሳቡን «ራን ኢት አፕ»። ጭራ ተውላጠ ስም ሲያይ መንገድ ይለቃል፣ መስተዋድድ ንቅንቅ አይልም።

ለዚህ ነው ኮፍያውን «ቴክ ኢት ኦፍ» እንጂ «ቴክ ኦፍ ኢት» የማይባለው። አውቶቡሱን ደግሞ በተቃራኒው «ጌት ኦፍ ኢት»። ጆሮም ይረዳል፣ ጭራ ጎላ ብሎ ይሰማል፣ መስተዋድድ ይዋጣል።

ስለ ማውለቅ ከተነሳ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ አንዱ ልጅ «ፑት ኦፍ ዩር ሹዝ» ብሎ እንግዳዋን ግራ አጋባት። በዛሬው እንግሊዝኛ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። ጫማን ወደ መቼ ነው የሚያስተላልፉት? ልጁ አላወቀም እንጂ መከራከሪያ ነበረው፦ በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ የታዘዘበት ቦታ ላይ የሚጠቀመው ይህንኑ «ፑት ኦፍ» ነው። አራት መቶ ዓመት ዘገየ እንጂ አልተሳሳተም። እናንተ ግን «ቴክ ኦፍ» በሉ።

«ኢን» ነው ወይስ «ኢንቱ»?

«ሂ ራን ኢን ዘ ኮምፓውንድ» ግቢው ውስጥ ሮጠ ነው፣ እዚያው ውስጥ ነበር። «ሂ ራን ኢንቱ ዘ ኮምፓውንድ» ከውጭ ሮጦ ገባ ነው። «ኢንቱ» ደፍ ይሻገራል። ከኋላው ስም ከሌለ ግን «ኢንቱ» አይቆምም፣ «ካም ኢን!» እንጂ «ካም ኢንቱ!» የለም። «ጃምፕ» ላይ ሁለቱም ይሰማል፣ አትጨነቁ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ «ረን ኢንቱ» ሌላ ሁለት ትርጉም ስላለው ነው። ባጃጁ ግንቡን ከገጨ «ዘ ባጃጅ ራን ኢንቱ ዘ ዎል» ነው። አክስታችሁን ፒያሳ ላይ ድንገት ካገኛችኋትም «አይ ራን ኢንቱ ማይ አንት» ነው። አክስትየው ምንም አልሆነችም። «ራን ኦቨር» ካላችሁ ግን ድጣችኋታል። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ ለዚያውም ባጃጅ ነጂው፣ «የስተርዴይ አይ ራን ኦቨር ማይ ቲቸር ኢን ፒያሳ» ብሎ በክፍሉ ፊት አወራ። እስካሁን በሕይወት አለሁ።

ባጃጅ ላይ ስሳፈር «ጌት ኢን» ነው «ጌት ኦን»?

«ኢን»። ስትወርዱ «ጌት አውት»። ቤት መኪናም እንደዚያው። አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ መርከብ ግን «ጌት ኦን»ና «ጌት ኦፍ» ናቸው። ቆማችሁ ውስጡ መራመድ ከቻላችሁ «ኦን» ነው፣ ጎንበስ ብላችሁ ተጣጥፋችሁ የምትገቡ ከሆነ «ኢን»። ፈረስ፣ በቅሎና ሞተር ላይ ከላይ ስለምንቀመጥ «ኦን» ነው። ሚኒባስ መሃል ላይ ነው፣ ሁለቱንም ይላሉ።

«ወራጅ አለ!» ለማለት «ዲሴንድ» ወይም «ጌት ዳውን» አትበሉ። «ጌት ዳውን» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ጎንበስ በል ወይም ከዛፉ ውረድ የሚለው ነው።

«አፕ» ሁሌ ዳገት፣ «ዳውን» ሁሌ ቁልቁለት ነው?

ጎንደሬ ለዚህ ጥያቄ የተፈጠረ ነው። ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል «ጎ አፕ»፣ ወደ አዘዞ «ጎ ዳውን»። ደባርቅ «አፕ»፣ መተማ «ዳውን»፣ እኛም ቆላ ወረደ ነው የምንለው። እስከዚህ ሰላም ነው።

ችግሩ እነሱ ሜዳ ላይም ይላሉ። «ዎክ ዳውን ዘ ስትሪት» መንገዱን ይዘህ ሂድ ማለት ነው እንጂ ቁልቁለት የለበትም። «ኬም አፕ ቱ ሚ» ተጠጋኝ ነው። እንዲያውም ካርታ አይተው ሰሜን «አፕ»፣ ደቡብ «ዳውን» ይላሉ፣ ስለዚህ አንድ ፈረንጅ ከጎንደር «ዳውን ቱ አዲስ» ሊላችሁ ይችላል፣ አዲስ አበባ ከጎንደር ከፍ ያለች መሆኗ ግድ አይሰጠውም።

መንገድ የሌለበት ቦታስ? «ጎ ኦፍ» የሚባለው ነገር አሰቃየኝ

እኔንም። ብዙዎቹ ግን ከመንገዱ ብዙም አልራቁም። «ኦፍ» ሥሩ መለየት ነው። አውሮፕላን ከመሬት ሲለይ «ቴክ ኦፍ»፣ ልብስ ከገላ ሲለይ «ቴክ ኦፍ»፣ ሰው ከግንብ ሲወድቅ «ፎል ኦፍ»። «አውት» ብዙ ጊዜ ማለቅን ይይዛል፣ ስኳር ሲያልቅባችሁ «ረን አውት ኦፍ»።

መብራት ላይ ደግሞ አማርኛም እንግሊዝኛም የሚሄድ ፍጡር ነው ብለው ተስማምተዋል። መብራት ሄደ፣ «ዘ ፓወር ዌንት አውት»። መብራት መጣ፣ «ዘ ፓወር ኬም ባክ ኦን»። ጭራዋን ከረሳችሁና «ዘ ላይት ኬም» ካላችሁ ማን መጣ ይሏችኋል።

«ጎ ኦፍ» ግን ክፉ ነው። «ዘ ላይትስ ዌንት ኦፍ» መብራቶቹ ጠፉ። «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ» አላርሙ ጮኸ! አንዱ ዝም አለ፣ ሌላው ተንጫጫ፣ ቃሉ ያው። ወተት «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ደግሞ ተበላሽቷል። ይህን በምክንያት ላስረዳችሁ ብል እዋሻለሁ፣ ያዙት ብቻ። ከሚያዙት ሁሉ በተለይ አንድ ጥንድ አደራ፦ «ፓስ አዌይ» አረፈ፣ «ፓስ አውት» ራሱን ሳተ። የለቅሶ መልእክት ላይ ሲቀያየሩ አይቻለሁ።

«ስልኩን ዘጋብኝ» ውስጥ ያለችው «ብኝ» በእንግሊዝኛ አለች?

አለች! ይህን የጠየቀችኝ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፣ ያን ቀን አንዱ ዘግቶባት ነበር መሰለኝ። «ሂ ሃንግ አፕ ኦን ሚ»። «ኦን ሚ» ማለት እዚህ «ብኝ» ነው፣ በእኔ ላይ፣ እኔን እየጎዳ። ስልኩ ራሱ ባትሪ ጨርሶ ከጠፋባችሁ «ማይ ፎን ዳይድ ኦን ሚ»፣ ሞተብኝ። ባል ጥሎ ሲሄድ «ሂ ዎክድ አውት ኦን ኸር»። ልብ በሉ፣ እዚህ ሦስቱም ተደርድረዋል፦ «ዎክድ» ግስ፣ «አውት» ጭራ፣ «ኦን» መስተዋድድ።

ግን በየቦታው አትለጥፉት። «መሸብኝ» ወይም «እንጀራው አረረብኝ» ላይ «ኦን ሚ» ብሎ የሚናገር የለም ማለት ይቻላል። አማርኛ ማማረርን ከእንግሊዝኛ በላይ ሰዋስው ውስጥ አስገብቷል።

እኛስ እንዲህ ዓይነት ነገር የለንም?

ሞልቶናል፣ ስለምንተነፍሰው አይታየንም እንጂ። «አለ» የምትለዋን ግስ እዩ። ጎራ አለ፣ «ድሮፕት ባይ»። ከች አለ፣ «ተርንድ አፕ»። ሹልክ አለ፣ «ስሊፕት አውት»። ላጥ አለ፣ «ራን ኦፍ»። ዘው አለ፣ «በርስት ኢን»። ብድግ አለ፣ «ጎት አፕ»። ቁጭ አለ፣ «ሳት ዳውን»። ገለል አለ፣ «ስቴፕት አሳይድ»። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ደግሞ «ሙቭ ኦቨር» እያለ ነው።

እንግዲህ አስቡት፣ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ብድግ አለ» ሲሰማ መዝገበ ቃላት ገልጦ «አለ» ማለት ተናገረ መሆኑን ያያል። ከዚያ ማን ነው የተናገረው፣ ምንድን ነው ያለው ብሎ ይጠይቃል። አንዷ ጠይቃኛለች። እኛ በ«ጌት አፕ» የምንሰቃየውን ያህል እነሱም በ«ብድግ» ይሰቃያሉ፣ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ፊታቸው ይበራል።

«ጎ ቱ ሆም» ለምን ስህተት ነው?

«ሆም» እዚህ ራሱ መንገዱ ስለሆነ። «ሄር»ና «ዜር»ም እንደዚያው፣ «ካም ሄር»፣ «ጎ ዜር»። እኛም «ቤቴ ሄድኩ» ስንል «ወደ» አናስገባም።

«መጣሁ» ምን ይባላል?

ሁለት «መጣሁ» አሉን። አንደኛው ከጓዳ ሲጠሩን የምንመልሰው ነው። እሱ «አይ አም ካሚንግ!» ነው፣ «አይ ኬም» አይባልም፣ ገና ሳይደርሱ ደረስኩ ማለት የእኛ ልማድ ነው።

ሁለተኛው ከጠረጴዛ ተነስተን ስንወጣ የምንለው ነው። ይህኛው «አይል ቢ ባክ» ወይም «ባክ ኢን ኤ ሚኒት» ነው። ማስተማር ሳልጀምር፣ ወጣት እያለሁ፣ አንድ እንግዳ ማኪያቶ ጋብዤ ቁጭ ብለን ሳለ ስልክ ተደወለልኝና «አይ አም ካሚንግ!» ብዬው እየሮጥኩ ወጣሁ። ወሬው ረዘም አለ። ስመለስ ሰውየው ቦርሳውን አንግቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከጠረጴዛው እየራቅኩ «እየመጣሁ ነው» ስለው፣ የምንሄድበት ቦታ አለ፣ ተከተለኝ ማለቱ ነው ብሎ ነው። የኔ ማኪያቶ አልተነካም ነበር፣ አረፋው ብቻ ወርዷል።